አልጋው ቀነሰ፣ ሠራተኛው በዛ፤ ምን ሆኖ ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ከ1946 እስከ 1996 ባሉት 50 ዓመታት በአሜሪካ ሆስፒታሎች ለአንድ በታካሚ ለተያዘ አልጋ የሚደርሰው ሠራተኛ ዘጠኝ እጥፍ ሆነ የሚል አነበብኩ። የአንድ ቀን የአልጋ ወጪ ደግሞ የዋጋ ንረቱ ተቀንሶለት እንኳ 40 እጥፍ ሆነ ይላል። ባንክ ቤት ማሽን ሲገባ ሰው ቀነሰ። ሆስፒታል ማሽን ሲገባ ሰው ጨመረ። ሥራ ፈት ሰብስበው ነው? ሠራተኛ ቢቀነስ ዋጋው አይወርድም?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም ሆስፒታል ውስጥ መጀመሪያ ፈረቃ በመደልደል፣ በኋላ በጀት በመሥራት ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ይህን ጥያቄ በየስብሰባው ሰምቼዋለሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ቁጥሩን በሰፊው ያሰራጨው ኢኮኖሚስቱ ሚልተን ፍሪድማን ነው። እሱ ደግሞ የተነሳው ማክስ ጋሞን ከተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ሐሳብ ነው። ጋሞን የብሪታንያን ሆስፒታሎች ከ1965 እስከ 1973 አየ። ሠራተኛው 28 በመቶ ጨምሯል። የአስተዳደርና የጽሕፈት ሠራተኛው ብቻውን 51 በመቶ ጨምሯል። በየቀኑ የሚያዘው አልጋ ግን 11 በመቶ ቀንሷል። ስለዚህ ቢሮክራሲ በበዛ ቁጥር ገንዘቡ ይገባል እንጂ ሥራው አይወጣም አለ።

ቁጥሩ ሐሰት ነው ብዬ አልከራከርም። ችግሩ ማካፈያው ላይ ነው። ሁሉም ነገር የተካፈለው ለአልጋ ነው። አማርኛችን ራሱ የታመመን ሰው «አልጋ ያዘ» ስለሚል፣ ሆስፒታልን በአልጋ መለካት ተፈጥሯዊ ይመስላል። ግን ሆስፒታል አልጋ አያመርትም። እንዲያውም ላለፉት 70 ዓመታት ሕክምና ሲሠራ የኖረው ሰውን ከአልጋ ማስነሳት ነው።

አንድ ታዋቂ ታካሚ ልጥቀስ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በሴፕቴምበር 1955 የልብ ደም ሥር ተዘግቶ ድንገተኛ የልብ ሕመም መታቸው። ዴንቨር በሚገኘው ወታደራዊ ሆስፒታል ሰባት ሳምንት ገደማ ቆዩ። ፕሬዚዳንት ስለሆኑ የተደረገ መንከባከብ አልነበረም። የዚያን ጊዜ ዋናው ሕክምና ዕረፍት ነበር። ተኛ፣ አትነሳ፣ ጠብቅ። ለዚህ የሚያስፈልገው አልጋ፣ ምግብ፣ ኦክስጅንና አንዳንዴ ብቅ ብላ የምታይ ነርስ ነው። ዛሬ ያው በሽታ ያለበት ሰው ሲመጣ የተዘጋውን የደም ሥር በቀጭን ቱቦ ይከፍቱለታል። ሌላ ችግር ካልተከተለ በጥቂት ቀን ውስጥ ቤቱ ነው። የሰባት ሳምንቱ አልጋ ጠፋ። በምትኩ ሌሊት ስልክ ሲደወል ተነስቶ የሚመጣ ቡድን ተቀጠረ። የልብ ሐኪም፣ ነርሶች፣ ቴክኒሺያን። «ሠራተኛ በአልጋ» ብለው ሲያሰሉት ይህ ብክነት ይመስላል።

የዓይን ሞራም እንደዚያው ነው። ድሮ የተሠራለት ሰው ጭንቅላቱን እንዳያንቀሳቅስ ግራና ቀኝ የአሸዋ ከረጢት ተደርጎለት ቀናት ይተኛ ነበር። አሁን ጠዋት ገብቶ በዚያው ቀን ይወጣል። በአልጋ ቆጠራ ውስጥ የለም። የሠሩለት ሰዎች ደሞዝ ግን የሆስፒታሉ ወጪ ውስጥ አለ።

ይህን በቁጥር ልሞክረው። ቁጥሩ ለማሳያ የፈጠርኩት ነው። አንድ ቀዶ ጥገና ራሱ 60 ይፈጃል እንበል። አልጋው በቀን 4 ነው። ታካሚው 10 ቀን ቢተኛ 60 እና 40፣ ጠቅላላው 100 ይሆናል። በቀን ሲካፈል 10። አሁን ቆይታው ወደ 2 ቀን አጠረ። 60 እና 8፣ ጠቅላላው 68። በቀን ሲካፈል 34። ለሰውየው የወጣው ገንዘብ በሲሶ ቀንሶ ሳለ «የአንድ ቀን ወጪ» ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ ተብሎ ይጻፋል። ማንም አልዋሸም። ማካፈያው ነው ያታለለው።

የጋሞን 11 በመቶም በዚህ ዓይን ይታይ። የተያዘ አልጋ 11 በመቶ ቢቀንስና የቆይታ ጊዜው ከዚያ በበለጠ ቢያጥር፣ የታከመው ሰው ጨምሯል ማለት ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ ቆይታ በየቦታው እያጠረ ነበር።

ሌላም አለ። ቀለል ያለው ሕመምተኛ ቶሎ ሲወጣ፣ ወይም ጭራሽ ሳይተኛ ሲታከም፣ አልጋው ላይ የሚቀረው ማነው? የባሰበት ነዋ። ድሮ ዋርድ ውስጥ ከነበሩት 30 ሰዎች ምናልባት ግማሾቹ ተነስተው ይራመዱ፣ ለጎረቤታቸው ውኃ ያቀብሉ ነበር። አሁን እንደዚያ የሚራመድ ሰው ካዩ የመውጫ ወረቀቱ እስኪፈረም እየጠበቀ ነው።

አሁን ወደ ሰው ቁጥር ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ከውጭ የሚያይ ሰው ሁሉ የሚስተው ይህን ነው።

ጀማሪ ሳለሁ አንድ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጡ። የሠራተኛ ዝርዝሩን አገላብጠው «30 አልጋ ላለው ዋርድ 28 ነርስ? ለአንድ ሰው አንድ ነርስ ልናደርስ ነው እንዴ?» አሉ። የዋርዱ ኃላፊ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በዕድሜ የገፋች ሲስተር ነበረች። አልተከራከረችም። እስክሪብቶ ጠየቀች። «ዛሬ ሌሊት ማን እንዳለ ልቁጠርልዎ» አለች። ስም በስም መሰረዝ ጀመረች። ይህቺ ሌሊት አድራ አሁን ተኝታለች። ይህቺ የሳምንት ዕረፍቷ ነው። ይህኛው ዓመት ፈቃድ ላይ ነው። ይህቺ ወልዳለች። እነዚህ ጠዋት ገቢ ናቸው። እነዚህ ከሰዓት። ይህ ሥልጠና ሄዷል። ይህኛው ወገቡን ታሞ ሐኪም አሳርፎታል። መጨረሻ ላይ ሦስት ስም ቀረ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ለ30 ሕመምተኛ ሦስት ሰው። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ነገሩን ዳግም አላነሱትም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። አንድ ሰው 40 ሰዓት ከሠራ፣ አንዲት ወንበር ሳምንቱን ሙሉ ባዶ እንዳትሆን 4.2 ሰው ይፈልጋል። በዓመት ሰባት ሳምንት ያህል ለፈቃድ፣ ለሕመምና ለሥልጠና ይውጣ። ወደ አምስት ሰው ይጠጋል። ስለዚህ ለአንድ ነርስ አምስት ታካሚ ቢደርሳት 30 አልጋ ላለው ዋርድ በማንኛውም ሰዓት ስድስት ነርስ፣ በደሞዝ መዝገብ ላይ 30 ነርስ ያስፈልጋል። በፅኑ ሕሙማን ክፍል ለሁለት ታካሚ አንድ ነርስ ከሆነ ለ10 አልጋ 25 ነርስ ነው። ሐኪሙን፣ ፅዳቱን፣ ላቦራቶሪውን ገና አልቆጠርንም። ከእነዚህ ውስጥ ሥራ ፈት የለም። ያሉት ሰባት ቀንና ሃያ አራት ሰዓት ብቻ ናቸው።

አሁን ድሮውን በዚያው ሒሳብ ይዩት። በቀን 12 ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን የምትሠራ ነርስ 72 ሰዓት ትሰጣለች። ወንበሯን ለመሸፈን ሁለት ሰው ተኩል እንኳ አይሞላም። የሥራ ሰዓት እንደ ሰው ሲሆን ብቻ፣ ምንም ሌላ ነገር ሳይቀየር፣ የሚያስፈልገው ሰው ወደ እጥፍ ይጠጋል።

ደሞዙስ? የድሮው ርካሽነት የተሠራው በማን ጀርባ እንደነበር ብዙ ጊዜ አይነገርም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ የዋርዱን ሥራ በብዛት የሚሸፍኑት የነርስ ተማሪዎች ነበሩ። ትምህርት ነው እየተባለ ሆስፒታሉ ግቢ እያደሩ ይሠሩ ነበር። በካቶሊክ ሆስፒታሎች መነኮሳት ያለ ደሞዝ ያገለግሉ ነበር። ተለማማጅ ሐኪም በብዙ ቦታ ምግብና መኝታ ነበር ክፍያው። በ1938 የወጣው የአሜሪካ የዝቅተኛ ደሞዝ ሕግም የሆስፒታል ሠራተኞችን ያካተተው በ1966 ሲሻሻል ነው። እንግዲህ ከ1946 ጋር ስናወዳድር፣ መነሻው ራሱ ድጎማ ነበረበት። ደጓሚዋ ደግሞ ያቺ ተማሪ ናት።

አንዳንዱ የሠራተኛ ብዛት ደግሞ በቀጥታ የሕይወት ዋጋ ነው። በ1952 ኮፐንሃገን ውስጥ ብርቱ የፖሊዮ ወረርሽኝ ገባ። መተንፈሻቸው የተያዘ ልጆች በየቀኑ ይመጣሉ። ማሽኑ ግን በጣት የሚቆጠር ነበር። መተንፈስ ካቃታቸው ከመቶው ከ80 በላይ ይሞቱ ነበር። ቢዮርን ኢብሰን የተባለ የማደንዘዣ ሐኪም የልጆቹን ጉሮሮ በቀዶ ጥገና ከፍቶ፣ ቱቦ አስገብቶ፣ አየሩን በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት መስጠት ይቻላል አለ። ግን ማን ይጭመቅ? ወደ 1,500 የሚሆኑ የሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ ተመደቡ። አንድ ልጅ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ተማሪ፣ ከረጢት። ሲደክመው ሌላው ይቀጥላል። ሌሊቱንም። የሚሞተው ከግማሽ በታች ወረደ። የዛሬው የፅኑ ሕሙማን ክፍል ከዚህ ነው የወጣው። በኋላ ማሽኑ የተማሪውን እጅ ተካው። ማሽኑን የሚያየው፣ አክታውን የሚመጥጠው፣ ሕመምተኛውን የሚያገላብጠው ሰው ግን ቀጠለ። «ሠራተኛ በአልጋ» የሚለውን ቁጥር ሲያዩ ያቺን ወንበር ያስቧት።

የባንኩ ማሽንና የሆስፒታሉ ማሽን የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። ባንክ ውስጥ ማሽኑ ሰውየው ይሠራው የነበረውን ሥራ ወሰደ። ሆስፒታል የሚገባው ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ማንም የማይሠራውን ሥራ ይዞ ይመጣል። ሲቲ ስካን በ1971 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን ሕመምተኛ ሲያነሳ የተባረረ ሠራተኛ አልነበረም። የሕያው ሰውን አንጎል በዚያ መልክ ከፍሎ የሚያይ ቀድሞም አልነበረማ። ከዚያ በኋላ ግን አንሺ፣ አንባቢ፣ ጠጋኝ፣ ማቀዝቀዣውን የሚከታተል፣ ቀጠሮ የሚይዝ ሰው ተቀጠረ። ራጁም ከነሠራተኛው እዚያው አለ። ላቦራቶሪ ትንሽ ለየት ይላል። እዚያ ማሽን በርግጥ የአንድ ምርመራን ድካም ቀንሷል። ግን ምርመራው ርካሽና ፈጣን ሲሆን አንድ ያዝዝ የነበረው ሐኪም አሥር ማዘዝ ጀመረ።

እስካሁን ያልኩት ስለ ሰው ብዛት ነው። የብዛቱ ጉዳይ ባይኖር እንኳ ዋጋው መጨመሩ አይቀርም ነበር። ይህን ኢኮኖሚስቶቹ ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን በ1966 ያስረዱት በሙዚቃ ነው። ለአራት ሰው የተጻፈን የክር መሣሪያ ሙዚቃ ለመጫወት ከ200 ዓመት በፊት አራት ሰው ያስፈልግ ነበር። ዛሬም አራት ነው። ፈጥነው ቢጫወቱት ሙዚቃው ይበላሻል። ፋብሪካ ውስጥ ግን አንድ ሠራተኛ የሚያመርተው ብዙ እጥፍ ሆኗል፣ ደሞዙም አብሮ አድጓል። ሙዚቀኛውም ደሞዙ ካላደገ ፋብሪካ ይገባል። ስለዚህ ሥራው ሳይፈጥን ደሞዙ ያድጋል። ቁስል ማጠብ፣ ሽማግሌን ማጉረስ፣ ልጁ ምን እንደሆነ ለእናት ቁጭ ብሎ ማስረዳት ከዚያ ሙዚቃ ጋር አንድ ነው። በብዙ ሆስፒታል ደግሞ ከወጪው ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ደሞዝ ነው።

እንግዲህ ጋሞንና ፍሪድማን ጨርሶ ተሳስተዋል? አይደለም። የአስተዳደሩ 51 በመቶ እኔንም ያሳስበኛል። ያንን እያሳደግን የኖርነው እኛው ቢሮ ውስጥ ያለነው ነን።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ከሠራሁባቸው ቦታዎች በአንዱ ነርሶቹ የደም ግፊት ሲለኩ ሦስት ቦታ ይጽፉ ነበር። አልጋው ግርጌ ባለው ቅጽ፣ በርክክብ ደብተር፣ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ። ለምን ሲባል የመጀመሪያው ለሐኪሙ፣ ሁለተኛው ለተረኛዋ፣ ሦስተኛው «ለላይ» ነው። ከሦስቱም ተሰብስቦ በየወሩ እኛ ጋ የሚመጣ ሪፖርት ነበር። አጠናቅሬ የምልከው እኔ ነበርኩ። አንድ ጊዜ ኮምፒውተር ተበላሸና ሳንልክ ሁለት ወር አለፈ። ማንም አልጠየቀም። ሦስተኛውን ወር ሆን ብዬ አልላክሁም። እስከ ለቀቅሁ ድረስ የጠየቀ ሰው የለም። ነርሶቹ ግን አሁንም ሦስት ቦታ ይጽፉ ነበር። እንዲያቆሙ ለማስደረግ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ጸሐፊ ጠየቀ።

ነገሩ የሰነፍ ሠራተኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ከአከፋፈሉ ጋር የተያያዘ ነው። በአሜሪካ ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን በ1965 ሲመጣ ለሆስፒታል የሚከፍለው ያወጣውን ወጪ አስልቶ ነበር። ብዙ ያወጣ ብዙ ይከፈለው ነበር። በ1983 ይህ ቀርቶ ለየበሽታው ምድብ የተቆረጠ ዋጋ መክፈል ተጀመረ። ቆይታ በአንዴ አጠረ፤ ሆስፒታሉ ታካሚውን ቶሎ ማስወጣት አዋጣው። ግን ምድቡን በትክክል፣ ቢቻል ደግሞ ደህና በሚከፈልበት በኩል፣ የሚጽፍ ባለሙያ አስፈለገ። ከፋዩም ያንን የሚያጣራ ቀጠረ። ከፋዩ አንድ ሳይሆን ብዙ ሲሆን ደግሞ ለእያንዳንዱ ቅጽ፣ ለእያንዳንዱ የቅድሚያ ፈቃድ፣ ለእያንዳንዱ ክርክር ሰው ይመደባል። በ2014 የታተመ የስምንት አገሮች ንጽጽር የአሜሪካ ሆስፒታሎች ከወጪያቸው ሩብ ያህሉን አስተዳደር ላይ እንደሚያውሉ አሳይቷል። በካናዳና በስኮትላንድ 12 በመቶ ገደማ ነበር። በሽታው በየአገሩ ያው ነው። የወረቀቱ መንገድ ነው የተለያየው።

ስለዚህ «ሠራተኛ ቢቀነስ ዋጋው አይወርድም ወይ» ለሚለው፣ የትኛው ሠራተኛ ብዬ እመልሳለሁ። መቀነስ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚነካው ብዙ ጊዜ ነርስ ነው፤ ቁጥራቸው ስለሚበዛ በወረቀት ላይ ቶሎ ይታያል። ተመራማሪዋ ሊንዳ አይክንና ባልደረቦቿ በአሜሪካ የፔንሲልቬንያ ግዛት ሆስፒታሎች ላይ ሠርተው በ2002 ያሳተሙት ጥናት አለ። ለአንድ ነርስ አንድ ተጨማሪ ሕመምተኛ ሲጫን ከቀዶ ጥገና በኋላ በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድል በ7 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ካሊፎርኒያ በ1999 አንድ ነርስ ከስንት ታካሚ በላይ እንዳይሰጣት የሚገድብ ሕግ አውጥታ ከ2004 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች።

በሒሳብም አያዋጣም። በጀት ላይ ስሠራ ያየሁት እንዲህ ነው። አምስት ነርስ ይቀነሳል። የቀሩት ይደክማሉ። የትርፍ ሰዓት ይጨምራል። ሁለት ይታመማሉ። ሦስት ይለቃሉ። በኮንትራት ከውጭ ሰው ይመጣል፣ በእጥፍ ዋጋ። ያ ወጪ ግን «ደሞዝ» በሚለው መደብ ሳይሆን «የተገዛ አገልግሎት» በሚለው ይመዘገባል። ስለዚህ በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ላይ ደሞዝ ቀነሰ ተብሎ ይጨበጨባል።

የአንድን ሆስፒታል ነገር በእውነት ለመመርመር ከፈለጉ ሠራተኛውን ለአልጋ ማካፈሉን ይተዉት። የሕመሙ ክብደት ታስቦ አንድ ሰው ታክሞ እስኪወጣ ስንት እንደፈጀ ይጠይቁ። ነርሷ ከ12 ሰዓት ፈረቃዋ ስንቱን ሰዓት ሕመምተኛው አጠገብ፣ ስንቱን ኮምፒውተሩ አጠገብ እንዳሳለፈች ይጠይቁ። ባለፈው ዓመት ስንት ሰው እንደለቀቀና በምን ዋጋ እንደተተካ ይጠይቁ። የመጨረሻውን ሲጠይቁ በቀጥታ የሰው ኃይል ክፍል አይሂዱ። ፈረቃ የምትደለድለውን ሲስተር ይፈልጓት፤ ደብተሯ ላይ አለ።